መርዶ በኦርቪዬቶ

በመልካም ቀን መርዶ አይነገርም ይላሉ። ይነገራል። እኔ አክስቴን ጣሊያን አገር በባቡር ለሽርሽር ወስጄ፣ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀውን ሳቅ በሳቁበት ቀን፣ ፀሐይዋ ራሷ ዕረፍት የወጣች በሚመስልበት ከቀትር በኋላ፣ ወንድማቸው መሞቱን ነግሬያቸዋለሁ። ባርኔጣ መሸጫ ውስጥ። ብቻዬን። አንድም ሽማግሌ ሳላስከትል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ በስደት ባለው የእኛ ሰው ዘንድ ስሜ የሚነሣው በዚሁ ነው። የጻፍኩትን ያነበበ ጥቂት ነው፤ ያደረግሁትን ያልሰማ ግን የለም። ለቅሶ ቤት ስገባ አንዷ ሌላዋን በክርኗ ጎሸም ታደርግና «ያ ነው» ትላታለች። አዎ፣ እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈውም ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ጫማው ልናገር፤ ያለ ጫማው ባርኔጣው አይገባችሁም።

ከዚያ ጉዞ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ እናቴ አዲስ አበባ ሞተች። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበርኩ፤ ቀን መኪና ማቆሚያ እሠራለሁ፣ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ። ፈተና ደርሶብኝ ነበርና ቀድመው የሰሙት ዘመዶቼ «ፈተናውን ይጨርስ» አሉ። ፈተናውን ስጨርስ ደግሞ «ትንሽ ይረፍ» አሉ። የእኛ ሰው ሞትን ለመደበቅ የሚያሳየውን ችሎታ ለሌላ ነገር አውሎት ቢሆን ኖሮ የት በደረስን ነበር! ስደውል «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» ይሉኛል። በሌላው ቀን «ጠበል ገብታለች»። በሦስተኛው «ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል»። እኔም ብዙ አንብቤያለሁ ባዩ፣ በሰው ንግግር ውስጥ ቀዳዳ ሲፈልግ የሚውለው፣ ሁሉንም አመንኩ። እናቴን አርባ ቀን ሙሉ ጉንፋን ያዛት።

በዚያ መሀል ጫማ ገዛሁላት። ጥቁር፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ ቁጥር ሠላሳ ስምንት፤ እግሯ ስለሚያብጥ ቆዳውን በጣቴ እየተጫንኩ ነው የመረጥኩት። ምሳ አብረን የምንበላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ነበርና ካርቶኑን ሰጠሁት። ከፈተው፤ አንዱን ጫማ አወጣና ገልበጥ አድርጎ ሶሉን አየ።

«ደስ ይላታል» አለኝ።

ያውቅ ነበር። ከተቀበረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው።

መርዶው የመጣው ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በሬን ስከፍት አሥራ አንድ ሰው የአፓርትመንቱ ደረጃ ላይ ቆሟል፤ ወንዶቹ ጥቁር ለብሰዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም ምንም እስኪል አልጠበቅሁም። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ፤ ይህኛው ባለፈው ሳምንት ሲቀልድብኝ የነበረ፣ ይህችኛዋ ባለፈው እሑድ በልጇ ልደት ላይ እጄን ይዛ ያስጨፈረችኝ። ለቅሶዬን ያዩ ሰዎች «ለእናቱ አንጀቱ ተቆረጠ» ብለው አወሩ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ለጫማው ነበር።

ከአሥራ አንዱ ፊት የቆሙት አክስቴ ነበሩ። አክስቴ የምላቸው የአጎቴ ሚስት ናቸው፤ አጎቴ ከሞተም በኋላ አክስትነታቸው አልቀረም። አሌክሳንድሪያ፣ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ አጥፈዋል። «እኔ እስክል ማንም እንዳይነግረው» ያሉት እሳቸው እንደነበሩ ኋላ ሰማሁ። አልጠየቅኋቸውም። ይልቅ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ በሜትሮ ባቡር እየሄድኩ በሌላው ነገር ሁሉ እንከራከር ነበር፤ በሽሮው ውፍረት፣ በምርጫው፣ በቄሱ ስብከት፣ ማሞቂያው በስንት ዲግሪ ላይ መሆን እንዳለበት። እኛ ቤት ክርክር ማለት «እንደምን ሰነበትክ» ማለት ነው።

ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ሮምን አይተው እንዲመለሱ ትኬት ገዛችላቸው። አብሮ የሚሄድ ሰው ሲፈለግ እኔ ተመረጥኩ፤ «አንተ አንብበሃል» ተባልኩ። አክስቴ ግን የጣሊያን ታሪክ ጉዳያቸው አልነበረም። ጉዳያቸው ባርኔጣ ነው። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድማቸው፣ ጡረተኛ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ በሕይወት የቀራቸው አንድ ወንድም እሱ ነበር። እሑድ እሑድ ይደውሉለታል። ሮም ሊሄዱ መሆኑን ሲሰማ «የጣሊያን ባርኔጣ፣ ሌላ ምንም» ብሏቸዋል። ሮም ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ባርኔጣ ስናገላብጥ ዋልን፤ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ የዘፋኝ፣ አንዱ የሌባ። በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ከባርኔጣ ላስጥላቸው ብዬ ኦርቪዬቶ ወደምትባል በገደል አፋፍ ላይ ወደተቀመጠች አሮጌ ከተማ ልወስዳቸው ተነሣሁ።

ባቡሩ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አክስቴ ውኃ ሊገዙ ሄደው እኔ ጣቢያው ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ልጃቸው ናት፤ ውቅያኖስ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ገና አልነጋም።

«ማሚ አጠገብህ ናት?»

«ውኃ ሊገዙ ሄደዋል። ምነው?»

«ጋሼ አረፈ። ሌሊት። አሁን ነው ኮል ያደረጉልኝ።» ጋሼ የምትለው አጎቷን ነው፤ ባለ ባርኔጣውን።

«ቀብሩ መቼ ነው?»

«ነገ ዘጠኝ ሰዓት። ለምን ትጠይቃለህ?»

«ዛሬ ማታ ከሮም አዲስ አበባ በረራ አለ። ነገ ጠዋት ይደርሳሉ። ፓስፖርታቸውን ይዘዋል፣ ቪዛውን ቦሌ ይሰጧቸዋል።»

«አብደሃል? ፕሊስ፣ ፕሊስ እንዳትነግራት! እሑድ ትመጡ የለ? ሰኞ ጠዋት ሰው ይዘን እንገባለን። ሰው እየጠራን ነው።»

«ሰኞ ቀብሩ አልፏል።»

«ሁሌ እንዲህ ነህ! ይሄ ዲቤት አይደለም፣ የእናቴ ብለድ ፕሬሸር ነው!»

ስልኩን ለአንድ ሽማግሌ ሰጠችብኝ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ከየት እንዳገኘች አላውቅም፤ የእኛ ሰው ለመርዶ ሲሆን እንቅልፍ የለውም።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ» አሉኝ። ከዚህ ቃል ቀጥሎ መልካም ነገር መጥቶ አያውቅም። «ሐዘን በሰው መሀል ነው። ሰው በሌለበት አገር ብትወድቅብህ ማንን ትጠራለህ? ቃል ግባልኝ።»

ከባቡሩ ወዲያ አክስቴ ሁለት ጠርሙስ ውኃና አንድ እጅ ሙዝ ታቅፈው ሲመጡ ይታዩኛል።

«እሺ» አልኩ።

በጽሑፍ ላይ ለማንም እሺ ብዬ አላውቅም። በስልክ ግን አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ባቡሩ ተነሣ። አክስቴ በመስኮት በኩል ነበሩ። ሙዝ ልጠው ግማሹን ሰጡኝና ኮረብታዎቹን አዩ። «ይሄ እኮ ደብረ ሲና ነው» አሉ። «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ መንገድ ያመጣኸኝ?»

በሌላ ቀን ቢሆን የአፈሩን፣ የወይኑን፣ የአየሩን ልዩነት ዘርዝሬ «ደብረ ሲና» ያሉትን አስመልሳቸው ነበር። «አዎ፣ ይመስላል» አልኩ። ዘወር ብለው አዩኝና ወደ መስኮቱ ተመለሱ።

በልቤ ሰዓት እቆጥር ነበር። አውሮፕላኑ የሚነሣው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ከኦርቪዬቶ በአሥር ሰዓቱ ባቡር ከተመለስን ሆቴል ደርሰን፣ ሻንጣ ይዘን፣ አየር ማረፊያ እንደርሳለን። ከአሥር ካለፈ አንደርስም። ስለዚህ እስከ አሥር ሰዓት ዝም ካልኩ ሌላ ማንም ምንም ማድረግ አያስፈልገውም፤ ቃሌን ሰዓቱ ራሱ ይጠብቅልኛል። ፈሪ ሰው እንዲህ ያለውን ሒሳብ ፈጥኖ ይሠራል።

ከጣቢያው ወደ ከተማዋ በገመድ የሚሳብ ባቡር ይወስዳል። ካቴድራሉ ፊት ስንቆም ግንባሩ በወርቅና በሥዕል ያብረቀርቃል፤ ጎኑ ግን ከላይ እስከ ታች ጥቁርና ነጭ መስመር በመስመር ነው። አክስቴ ዞረው አዩት።

«ፊቱን ለሠርግ አስጊጠው ጎኑን ፒጃማ አለበሱት።»

«እውነትዎን ነው።»

«እውነቴን ነው?» አሉ።

ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ወረድን። ኦርቪዬቶ ውስጥ በጥንት ዘመን ለውኃ የተቆፈረ፣ ጥልቅ፣ ክብ ጉድጓድ አለ። ዙሪያውን ሁለት ደረጃ ይጠመዘዛል፤ በአንዱ ይወረዳል፣ በሌላው ይወጣል። ውኃ ጫኝ በቅሎዎች እንዳይጋጩ ነው አሉ። በሁለቱ መካከል ግድግዳው መስኮት መስኮት አለው፤ የሚወርደውና የሚወጣው በመስኮት ይተያያሉ እንጂ አይገናኙም። አክስቴ ይህን ሲያዩ ልጅ ሆኑ። ማዶ ሽቅብ የሚወጡ ፈረንጆች ብቅ ባሉ ቁጥር እጃቸውን እያውለበለቡ «ሰላም! አይዟችሁ፣ ደረሳችሁ!» ይሏቸዋል በአማርኛ። ፈረንጆቹም ያውለበልባሉ። አክስቴ ሳቁ፤ ሳቃቸው ጉድጓዱን ዞሮ ተመለሰ። ጉልበታቸውን ይዘው ተቀመጡና እንደገና ሳቁ።

«ለወንድሜ እሑድ ስነግረው አያምነኝም» አሉ።

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ከአሥራ አንዱ ሰዎች አንዱ ሆኛለሁ። ወይም ከዚያ የባስኩ፤ እነሱ ቢያንስ ከእኔ ጋር ጉድጓድ አልወረዱም።

ምሳ ላይ በርበሬ ያልነካው ሾርባ «የሆስፒታል ነው» ሲሉ እስማማለሁ አልኩ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል በአንዲት ጠባብ መንገድ ስንሄድ ባርኔጣ መሸጫዋን አዩ። አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ተቀምጠው ይሰፋሉ። አክስቴ በር ላይ ቆመው መደርደሪያውን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ና፣ ራስህን አምጣ። የእሱና ያንተ ራስ አንድ ነው፤ ሁለታችሁም ባለ ትልቅ ራስ ናችሁ። የእሱ ግን ውስጡ ነገር አለው።»

ግራጫ ባርኔጣ አነሱና አጠለቁልኝ። በሁለት እጃቸው አስተካከሉት፤ ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል አደረጉት፤ ወንድማቸው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ትከሻዬን ይዘው ወደ መስታወቱ አዞሩኝ።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው።»

ቡናማውን አመጡ። «ይሄስ?»

«እሱም ጥሩ ነው።»

ግራጫውን መልሰው አጠለቁልኝና እጃቸው ባርኔጣው ላይ ቆመ።

«አንተ» አሉ፣ በመስታወቱ ውስጥ እያዩኝ። «ደብረ ሲና ነው ስልህ አዎ አልክ። ፒጃማ ነው ስልህ አዎ አልክ። ከጠዋት ጀምሮ አንዴ እንኳ አልተከራከርከኝም። አንተ አዎ የምትል ሰው አይደለህም። ማን ሞተ?»

መስታወቱ ውስጥ የሟችን ባርኔጣ ያጠለቀ ሰው አየሁ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረኝ። «ማንም» ብል፣ ወይም «ደስ ይለዋል» ብል፣ የጫማዬን ሶል ገልብጦ ያየውን ሰውዬ እሆናለሁ። ባርኔጣውን አወለቅሁ።

«ወንድምዎ ነው። ዛሬ ሌሊት።»

አልወደቁም። ይህን ለሽማግሌው ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። ባርኔጣውን ከእጄ ተቀበሉና በጥንቃቄ ማስቀመጫው ላይ መለሱት። ከዚያ ነው ደረታቸውን የመቱት። አንዴ ጮኹ። አሮጊቷ ስፌታቸውን ጥለው ተነሡ። አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። በሩን ዘጉ፣ ወንበር ሳቡ፣ አክስቴን አስቀመጡና እግራቸው ሥር ተንበርክከው እጃቸውን ያዙ። እንዲሁ እንደያዙ በራሳቸው ቋንቋ የሆነ ነገር ደጋግመው ይሉ ነበር። ሰው የለም በተባለበት አገር ሰው ነበረ።

«ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አልኩ። «ዛሬ ማታ አውሮፕላን አለ። የአሥር ሰዓቱን ባቡር ከያዝን እንደርሳለን። ይሄዳሉ ወይስ…»

«ምን ትጠይቀኛለህ? ተነሥ!»

በሩ ላይ ደርሰው ዞሩ። «ባርኔጣውን ያዝ። ግራጫውን።»

አሥር ሰዓት ሳይሞላ ጣቢያው ደረስን። ባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጥን፤ የባርኔጣው ካርቶን ጭናቸው ላይ ነው። ሻርፓቸውን አዘቅዝቀዋል። ጠየቁኝ።

«መቼ ሰማህ?»

«ጠዋት። ባቡሩ ሳይነሣ።»

«ጉድጓዱን ስንወርድ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ስስቅ?»

«አዎ።»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። የጠዋቱ ደብረ ሲና ወደ ኋላ ይሸሻል። የጠበቅሁት ስድብ ነበር፤ ይገባኛልም።

«ያኔ አንተ እንዲህ ነው የሆንከው?» አሉ፣ ሳይዞሩ።

«እኔ አርባ ቀን ነው።»

«አርባ» አሉ። «ጫማውን የሰጠኸው ልጅ አዲስ አበባ ሳይወስደው ለእኔ ነው ያመጣው። ምን ላድርገው ብዬ ሥራ ቦታ ለአንዲት ሴትዮ ሰጠኋት። እግሯ ሠላሳ ስምንት ነበር፣ ልክ ሆነላት።»

በዚህ ሰዓት ልቤ ራርቶ ይቅር አልኳቸው ብዬ ብጽፍ ደስ ባላችሁ ነበር። ተናደድኩ። ባቡር ውስጥ፣ ወንድማቸው የሞተባቸውን ሴት፣ «አልሰጥም ማለት አይችሉም ነበር?» ብዬ ተከራከርኳቸው። እሳቸውም «ቆዳ ተቀምጦ ይደርቃል፣ ምን ታውቃለህ አንተ!» ብለው መለሱልኝ። ሮም እስክንደርስ ተጨቃጨቅን፤ በየመሀሉ ያለቅሳሉ፣ ከዚያ እንቀጥላለን። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ነገር የተነጋገርነው ያኔ ነው።

አውሮፕላኑ ላይ የተገኘው አንድ ወንበር ብቻ ነበር። ብቻቸውን ሄዱ። ኋላ እንደነገሩኝ ግን ብቻቸውን አልነበሩም፤ ጣሊያን በሰው ቤት የሚሠሩ የአገራችን ሴቶች ለዕረፍት ሲገቡ ከኋላቸውም ከፊታቸውም ተቀምጠው ነበርና፣ ነገሩን ሲሰሙ ሦስት መስመር ወንበር አብሮ አለቀሰላቸው። ጠዋት ደረሱ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መቃብሩ አጠገብ ቆሙ። ባርኔጣው ድንኳኑ ውስጥ ከፎቶግራፉ አጠገብ ሦስት ቀን ተቀመጠ፣ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ።

እኔ እሑድ ለብቻዬ አሌክሳንድሪያ ስገባ የልጃቸው ሳሎን በሰው ሞልቷል። ሐዘንተኛዋ በሌሉበት ለቅሶ ተቀምጠዋል።

«ብቻዋን በአውሮፕላን!» አለችኝ ልጃቸው፣ ዓይኗ ቀልቶ። «አንድ ነገር ብትሆንስ?»

ሽማግሌው ጥግ ላይ ነበሩ። «ቃል ገብተህልኝ ነበር» አሉ።

«ገብቼ ነበር። አፈረስኩት።»

«እንዲህ በቀላሉ?»

«በቀላሉ አይደለም፣ አባባ። ስድስት ሰዓት ፈጅቶብኛል። የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።»

ያንን ቀን የሚያነሡልኝ ሰዎች «ደም ግፊት»፣ «ወግ»፣ «ሐዘን በሰው መሀል ነው» ይሉኛል። ሐዘን በሰው መሀል መሆኑን አልክድም፤ በደረጃዬ ላይ የቆሙት አሥራ አንድ ሰዎች ደግፈው ባይዙኝ ኖሮ እወድቅ ነበር። ግን ሊደግፉኝ የመጡት አርባ ቀን ከዋሹኝ በኋላ ነው። እኛ ሰው እስኪሰበሰብ እንጠብቃለን እንላለን። የምንጠብቀው የራሳችን ድፍረት እስኪሰበሰብ ነው። አንድ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ «ሞተ» ማለት ስለሚከብደን ጭነቱን ለአሥራ አንድ ተካፍለን እንሸከመዋለን፤ ሐዘንተኛው የራሱን ሟች የመቅበር ፋንታውን በዚያ ያጣል።

አክስቴ አርባውን አውጥተው ተመለሱ። ልጃቸው በሰው ፊት «ማሚ፣ ንገሪው እንጂ! ልክ ነው እንዴ የሠራው?» አለቻቸው። አክስቴ ልክ ነው አላሉም። ልክ አይደለም አላሉም። እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን አዩ።

«አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ሌላ ነገር አልተናገሩም፣ እስከ ዛሬም። ብቻ አሁን መርዶ ሊነግር የሚሄድ ሰው ይምጡ ሲላቸው፣ ነጠላቸውን ከማንሣታቸው በፊት አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ «ቀብሩ መቼ ነው?»

እናንተም ይህን የምታነቡት፣ አሁን በዚህች ሰዓት የምታውቁት፣ ባለቤቱ ግን የማያውቀው ሞት አለ። እዚሁ በየሰፈራችን፣ አስፐን ሂል ይሁን ግሪንቤልት፣ አንድ ሰው ለሞተ ዘመዱ ዕቃ እየገዛ ነው፤ እናንተም «ደስ ይለዋል» እያላችሁት ነው። ይህን ጽሑፍ አስቀምጡትና ስልካችሁን አንሡ። ሰው አትሰብስቡ። ደውሉና ንገሩት።